ላባና የእህቱ ኩላሊት

የመዝገብ ስሙን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ደንበኞቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ አውቶቡስ የሚጠብቁት መንገደኞች ሳይቀሩ ላባ ነው የሚሉት። ስሙ የወጣለት ገና በወጣትነቱ ነው። ምላጩ ፊት ላይ ማረፉ ስለማይታወቅ፣ አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ተኝቶ ቆይቶ ሲነቃ “ታዲያ መቼ ልትጀምር ነው?” ብሎ ጠየቀው ይባላል። ጺሙ ግን ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ነበር። ላባ ይህ ወሬ ሲነሳ እውነት ነውም ውሸት ነውም አይልም። ፈገግ ብሎ ፎጣውን ያራግፋል።

ጸጉር ቤቱ ከመድኃኒት ቤትና ከጫማ ጠጋኝ መሐል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የሚሽከረከሩ ወንበሮች አሏት፤ አንደኛው ሰው ሲቀመጥበት ሲጥ ይላል። ትልቁ መስታወት አንዱ ጥጉ ጋ ስለተሰነጠቀ፣ እዚያ በኩል የተቀመጠ ሰው አፍንጫው ሁለት ሆኖ ይታየዋል። በአንደኛው ወንበር ላባ ይቆማል፤ በሌላኛው ሙያውን ከእሱ ተምሮ በኋላ ሸሪኩ የሆነው ድንቡሼ። ድንቡሼ ማውራት ይወዳል፣ ላባ ማድመጥ ይወዳል። በዚህ ተስማምተው ዓመታት ኖረዋል።

የላባ ኩላሊት የተበላሸው ድምፁን አጥፍቶ ነው። ደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ቆሞ ሲሠራ ኖረ። እግሩ ሲያብጥ “መቆም ነው” ይላል፤ ሲደክመው “ዕድሜ ነው” ይላል፤ ምግብ ሲያስጠላው ደግሞ ጥፋቱን በባለቤቱ ጨው አጣጣል ያሳብባል። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው ነበር። ከማሽን ጋር እየተያያዘ ደሙን ማሳጠብ ጀመረ። ከእጥበት በተመለሰ ቁጥር እንደተጨመቀ ልብስ ሶፋው ላይ ይዘረጋል፤ ባለቤቱ በእግር ጣቷ እየሄደች፣ ድስት ስትከድን እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ ትጠነቀቃለች።

ታላቅ እህቱ ግን ይህን አይታ ዝም የምትል ሰው አይደለችም። እትዬ ነው የሚላት። የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ ከክፍል ውጭም አስተማሪ ናት። እናታቸው ከፋብሪካ እስክትመለስ ያበላችው፣ ያጠበችው፣ ያስጠናችውና የቆነጠጠችው እሷ ነበረች። ለምን ሳታገባ እንደቀረች ሲጠይቋት አንድ ወንድ ልጅ አሳድጌ ጠግቤያለሁ ትላለች። ማንንም ሳታማክር ተመረመረችና ውጤቷን ይዛ ቤቱ መጣች። የእሷ አካል ከእሱ ጋር ልክክ ብሏል፤ ከአንድ ማሕፀን በወጡ ልጆች መሐል እንኳ እንዲህ መግጠም ሁልጊዜ እንደማይገኝ ሐኪሞቹ ነግረዋታል። ላባ አይሆንም አለ፤ ተቆጣ፤ አለቀሰም። እህቱ አልቅሶ እስኪጨርስ ጠበቀችው።

“እኔ ሁለት አለኝ፣ አንተ አንድም የለህም” አለችው። “ሒሳቡ ይሄ ነው። የምትጨምረው ነገር አለ?”

ላባ እንባውን ጠርጎ እሺ አላት።

አዲሷ ኩላሊት ላባ ገና ቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ ላይ እያለ ሥራዋን ጀመረች። ባለቤቱ የሽንቱን ከረጢት ሞልቶ ስታይ ነርሷን አቅፋ አለቀሰች። ላባ በኋላ ይህን ሲያወራ፣ በትዳር ዘመናችን እንዲህ ያስደሰትኳት ያን ዕለት ብቻ ነው ይላል። ለኩላሊቷም ስም አወጣላት፤ ትንሿ እትዬ አላት። ውሃ ሲያምረው “ትንሿ እትዬ ጠማት” ይላል፤ ድንቡሼ የደንበኛ ሒሳብ ሲሳሳት ላባ ካረመው፣ ድንቡሼ ወደ ሆዱ እያየ “አንቺ ደግሞ አርፈሽ ተቀመጪ” ይላታል።

ነገር ግን የሰው አካል እንግዳ አይወድም። የእህት ኩላሊት እንኳ ብትሆን፣ በደም ውስጥ ያሉት ዘበኞች የኛ አይደለችም ብለው ሊገፏት ይነሳሉ። ስለዚህ ዘበኞቹን የሚያደነዝዝ መድኃኒት በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ፣ ዕድሜ ልክ መዋጥ አለ። መድኃኒቱ ትንሿን እትዬን አተረፈለት፤ በምትኩ ደግሞ ብዙ ነገር ወሰደበት። ፊቱ ተነፋ፤ ድዱ አበጠ፤ የደሙ ስኳር ከፍ አለ። ዘበኞቹ ደንዝዘዋልና ማንም ሰው የሚያስነጥሰው ጉንፋን እሱን አልጋ ላይ ይጥለዋል። የሳንባ ምች ይዞት ሆስፒታል ሰንብቶ ከወጣ በኋላ ጭራሽ ፈሪ ሆነ። አውቶቡስ አይሳፈርም፤ ሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ሙሽሮቹን በምልክት መርቆ ይመለሳል። ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ፣ የልጅ ልጁን ወራት ሙሉ ያያት በመስኮት ነው። ሕፃኗ ከመስታወቱ ወዲያ እጇን ስትዘረጋ እሱ ከወዲህ ጣቱን መስታወቱ ላይ ይለጥፋል።

ከሁሉም ከሁሉም ያቃጠለው ግን የእጁ ነገር ነው። መድኃኒቱ እጅ ያንቀጠቅጣል። መጀመሪያ ማንኪያው ላይ ሾርባው ሲፈስ አየ፤ ቀጥሎ ማበጠሪያው ሲንቀጠቀጥ። ለማንም ሳይናገር ክርኑን ጎኑ ላይ አጣብቆ፣ ትንፋሹን ይዞ መላጨት ለመደ። አንድ ቀን ጠዋት ጡረተኛውን የባቡር ሾፌር እየላጨው ሳለ ምላጩ ሸተት አለና ከጆሮው ሥር ቆረጠው። ጥልቅ አልነበረም። ሰውየው መሐረቡን ጆሮው ላይ ይዞ የቀረው ጺም እስኪላጭ ቁጭ አለ። በሳምንቱም እንደ ልማዱ መጥቶ የላባ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ላባ ምላጩን ለድንቡሼ አቀበለው። ከዚያ ወዲያ በጸጉር መቁረጫው ቶንዶስ ብቻ ሆነ ሥራው፤ እሱም ማበጠሪያ የተገጠመለት፣ ሰው የማይቆርጥ። ሾፌሩ ድንቡሼ ሲላጨው ቅር እያለው ወደ ላባ ያያል። ላባ ደግሞ ንጹሑን ወለል መልሶ ይጠርጋል።

እንዲህ እያለ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ የምትከታተለው ሐኪም ለቀጠሮ የመጣበትን ቀን ጠብቃ አስቀምጣ አነጋገረችው። ወጣት ሴት ናት፤ ስትናገር ነገር አትሸፋፍንም። መድኃኒቱ ኩላሊቷን እየጠበቀም ቀስ በቀስ እየጎዳት እንደሆነ ነገረችው። ቀጥላም አንድ ጥናት መጀመሩን አስረዳችው። ኩላሊት ከሰጠው ሰው ላይ የደም እናት የሆኑትን ሴሎች ወስደው ለተቀባዩ ይሰጡታል። መጀመሪያ የተቀባዩን ዘበኞች በቀላል ጨረርና በመድኃኒት ያዳክሟቸዋል፤ ከዚያ የእህቱ ሴሎች ገብተው በመቅኒው ውስጥ ቦታ ከያዙ፣ አዲሶቹ ዘበኞች ከሁለቱም ቤት ተወልደው አብረው ያድጋሉ፤ ኩላሊቷንም እንደ ራሳቸው ይቆጥሯታል። ያኔ መድኃኒቱ እየተቀነሰ እየተቀነሰ ሊቆም ይችላል።

ላባ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ አደመጠ።

“ይሳካል ብዬ ቃል አልገባልዎትም” አለችው ሐኪሟ። “የተሳካላቸው አሉ፤ ወደ መድኃኒቱ የተመለሱ አሉ። ኩላሊቷን የማጣት አደጋም አለው። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። እህትዎም እንደገና መምጣት ይኖርባቸዋል።”

አስብበታለሁ ብሎ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ለባለቤቱ ነገራትና ለእትዬ ትንፍሽ እንዳትይ ሲል አስጠነቀቃት። አንድ ኩላሊት የሰጠች ሴት ደግሞ ደምሽን አምጪ አትባልም አለ። ደግሞስ ትንሿ እትዬ ብትጠፋ በምን ዓይኑ ያያታል? ባለቤቱ እሺ አለችው። ምሥጢሩንም እስከ ማግስቱ ድረስ በደንብ ጠበቀችለት።

እትዬ ከትምህርት ቤት በቀጥታ፣ ጣቷ ላይ የጠመኔ ብናኝ እንዳለ፣ ጸጉር ቤቱ መጣች። ሴት ደንበኛ ባይኖራቸውም ሲጥ የሚለው ወንበር ላይ ተቀመጠችና በመስታወቱ ውስጥ ወንድሟን አየችው። ድንቡሼ ነገሩ ቶሎ ገባውና ሳሙና ልግዛ ብሎ ወጣ፤ መደርደሪያው ላይ ግን ሳሙና ሞልቶ ነበር።

“ሐኪሟ ያለችህን ለምን አልነገርከኝም?”

“ኩላሊትሽን ቁማር አስይዤ ልጫወት ነው እንዴ፣ እትዬ?”

“የማን ኩላሊት?”

ላባ ፎጣ አነሳ።

“ስማኝ” አለች፣ ዓይኗን ከመስታወቱ ሳትነቅል። “እኔ የሰጠሁህ ስጦታ ነው። አደራ አይደለም። አንተ ግን እንደ አደራ ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለህ፣ ቁም ሳጥን ላይ ሰቅለህ፣ ሥር ሥሯ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ። አውቶቡስ የለ፣ ሠርግ የለ። የልጅ ልጅህን እንኳ አላቀፍክ። ለዚህ ነው ሆዴን ያስቀደድኩት?”

“ብትጠፋብኝስ?”

“ሠርታበት ጠፋች እላለሁ።”

ላባ ፎጣውን አጣጥፎ አኖረ፤ መልሶ ዘረጋው። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷም አይታዋለች፤ አይታም እንዳላየች ሆነች። ከዚያ የጸጉሯ ጫፍ ስለተሰነጣጠቀ ከመጣሁ አይቀር አስተካክለው አለችው። ተንቀጠቀጠበትና ጠመመ። ጠማማውን ጸጉር ይዛ ወር ሙሉ አስተማረች፤ ለጠየቃትም ሁሉ ወንድሜ ነው ያስተካከለኝ ትል ነበር።

ጥናቱ ውስጥ ገቡ። እትዬ ሴሎቿ ከመቅኒዋ ወጥተው በደሟ ውስጥ እንዲበዙ ለቀናት መርፌ ተወጋች፤ አጥንቷን ጠዘጠዛት፤ ጉንፋን ይሆናል እያለች አስተባበለች። እሷን የሚያውቅ ሁሉ የማያውቀው አንድ ነገር፣ መርፌ እንደምትፈራ ነው። ኩላሊቷን የሰጠች ጊዜ ተኝታ ነበር፤ አሁን ግን ነቅታ ተቀምጣ፣ ደሟ በአንድ ክንዷ ወጥቶ በማሽኑ አልፎ በሌላው ክንዷ ሲመለስ ማየት አለባት። ፊቷ ነጣ። ላባ አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ እህቱን ሊያባብል ሆነ፤ እንዴት እንደሚያባብላት ግን አላወቀበትም።

“ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?” አላት።

በቁጣ ዞረች። “አንተ ነህ እኔን የምትጠይቀኝ?”

“እንግዲያ አንቺ ጠይቂኝ።”

ጠየቀችው። ሃምሳ አራት አላት። በልጅነቱም እንዲሁ ነበር የሚሳሳተው። ማሽኑ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ የማባዛት ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አስወጣችው፣ አስወረደችው። ነርሷም ስታልፍ ስታገድም አብራ ትመልስ ጀመር። መርፌው ሲነቀል እትዬ አላወቀችም።

የእሱ ተራ ከበድ ያለ ነበር። ጨረሩና መድኃኒቱ አቅሙን አሟጠጡት፤ ክፍል ውስጥ ብቻውን ሰነበተ። የእህቱ ሴሎች ግን ሲመጡ አንዲት ትንሽ ከረጢት ሆነው ነው የመጡት፤ ቀለማቸው የደከመ ሻይ የመሰለ ቀይ። እንደ ተራ ደም በክንዱ ገቡ። ይሄው ነው? አለ ላባ። ይሄው ነው አለችው ሐኪሟ፤ የቀረውን እነሱ ይሠሩታል።

ሠሩትም። ከወራት በኋላ በተደረገው ምርመራ በደሙ ውስጥ የእሱም የእህቱም ዘር አብሮ ተገኘ። ድንቡሼ ይህን ሲሰማ፣ ከእንግዲህ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ሦስት አለቃ ሊኖር ነው ብሎ ለደንበኛ ሁሉ አወራ። ሐኪሟም መድኃኒቱን በትንሽ በትንሹ መቀነስ ጀመረች።

ግማሽ መንገድ እንደሄዱ የኩላሊቷን ደህንነት የሚያሳየው ቁጥር ሽቅብ ወጣ፤ ይህ ደግሞ መጥፎ ምልክት ነው። ሐኪሟ ቅነሳውን አቁማ ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ገና አልመጣም፤ ላባ ስልክ መደወል ስላቃተው በእግሩ እትዬ ቤት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። እትዬ ከሁኔታው ተረድታው አስገባችው፤ ሶፋው ላይ አስቀምጣ ሻይ አፈላችለት። ሻዩ ቀዘቀዘ።

“አንተ አለህ አይደል?” አለችው በመጨረሻ። “አንተ ካለህ ይበቃኛል።”

ናሙናው ንጹሕ ሆኖ መጣ፤ የመገፋት ምልክት አልነበረባትም። ሐኪሟ ግን በነገሩ አልረካችም፤ ከሰሞኑ ምን ምን እንደወሰደ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ጉልበቱን ሲያመው ድንቡሼ ለወገቡ የሚውጠውን ማስታገሻ አካፍሎት ነበርና እሱን ለቀናት ሲውጥ ከርሟል። ለካስ ያ ማስታገሻ ለኩላሊት ጠላት ነው። ሐኪሟ ላባን እንደ ተማሪ ልጅ ተቆጣችው። ድንቡሼ ደግሞ ነገሩን ሲሰማ እንባው መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ከረሜላ እንኳ ሲያቀርብለት “ሐኪሟ ትወቀው” ይላል። ቁጥሩ ተመለሰ፤ ቅነሳውም ቀጠለ።

መድኃኒቱ ባነሰ ቁጥር እጁ እየረጋ መጣ። የመጨረሻዋን ክኒን የዋጠ ዕለት ቤተሰቡ ድግስ ሊያደርግ ቢፈልግ እሱ ከለከለ። ሐኪሟም ብትሆን ድነዋል የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እስካሁን ደህና ነዎት ነው የምትለው። በየቀጠሮው እስካሁን ትለዋለች። ላባም ሰው ደህና ነህ ወይ ሲለው እስካሁን ብሎ መመለስ ለመደ።

አንድ ማለዳ ጡረተኛው ሾፌር ሲገባ ላባ ራሱ ፎጣውን አንገቱ ላይ አሰረለት። ምላጩን ከድንቡሼ እጅ ወስዶ በመስታወቱ ውስጥ ሰውየውን አየው። ይፈቅዱልኛል ወይ ማለቱ ነበር። ሾፌሩ አንገቱን ወደ ኋላ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ድንቡሼ ያን ጊዜ ብቻ ወሬ አቆመ። ላባ ከጆሮው ሥር፣ ዱሮ የቆረጠበት ቦታ ሲደርስ ትንሽ ቆም አለና አለፈው። ጨርሶ ፊቱን በሙቅ ፎጣ ሲሸፍንለት ሰውየው ከፎጣው ሥር ሆኖ፣ ያ ሸሪክህ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን እንደ ድንች ነው የሚልጠኝ አለ።

ደስታው ያልሞላለት በአንድ ነገር ነው። ጥናቱ ውስጥ አብራው የገባች አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የወንድሟን ኩላሊት የተቀበለች። በመጠበቂያ ክፍሉ እየተገናኙ ወዳጆች ሆነው ነበር። የእሷ አካል መድኃኒቱ ሲቀነስ ኩላሊቱን መግፋት ጀመረና ቶሎ ወደ ቀድሞው መጠን መለሷት። ኩላሊቱ ተርፏል፤ መንቀጥቀጡም ተመልሷል። ላባ ሊጠይቃት እያሰበ ደግሞ እያፈረ ሰነበተ። ጤነኛ እጁን ይዞ ምን ብሎ ይገባል? ባለቤቱ ብርቱካን በፌስታል ሞልታ አስይዛ ገፋ አድርጋ ላከችው።

ልብስ ሰፊዋን የስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ አገኛት። ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ አወሩ።

“እጅዎን እስቲ ያሳዩኝ” አለችው ድንገት።

ዘረጋላት። ጨርቅ እንደምትመርጥ ሰው ገልብጣ ደባብሳ አየችው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ሳቀች።

“እንግዲያስ ሥራ አይፍቱ” አለችው። “የመርፌው ዓይን አልታዘዝ ብሎኛል።”

ላባ መነጽሩን አድርጎ ክር አስገባላት። ነጩን ጨረሰና ጥቁሩን፣ ከዚያ ሰማያዊውን፤ ያላትን መርፌ ሁሉ ክር እያስገባ የመርፌ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካላት። እሷ ሐኪሟ ያለቻትን ነገረችው፤ የእኔም የእርስዎም ደም ለሚቀጥለው ሰው ትምህርት ሆኗል አለችኝ አለች። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ቅዳሜ ከሥራ መልስ ብቅ ይልላታል። ባለቤቱ አንድ ሁለቴ ቀንታ ነበር፤ አብራው ሄዳ ቀሚስ ካሰፋች በኋላ ተወችው።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት ጉንፋን ይዛ መጣች። አሁን በመስኮት መተያየት ቀርቷል፤ ስትመጣ ቀጥታ ጭኑ ላይ ነው የምትወጣው። ያን ዕለት አንገቱ ሥር ተወሽቃ እላዩ ላይ አስነጠሰችበት። በማግስቱ ላባ ጉሮሮው ከረከረው፤ አፍንጫው ይፈስ ጀመር። ባለቤቱ ደነገጠች፣ የሆስፒታል ልብሱን በሻንጣ ከተተች፣ ለሐኪሟም ለእትዬም ደወለች። ሐኪሟ ለሁሉም ነገር ብላ ደሙን መረመረችና ጉንፋን ነው፣ ሙቅ ነገር ይጠጡ፣ ካልተሻለዎት ይመለሱ ብላ ሸኘችው።

ላባ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። አስነጠሰ፤ ተናፈጠ፤ ደግሞ አስነጠሰ። እትዬ ሎሚ ይዛ ስትገባ ዓይኑ ቀልቶ፣ አፍንጫው አብጦ፣ በጣም ደስ ብሎት አገኘችው።

“ምን ያስቅሃል?”

“ጉንፋን ይዞኛል፣ እትዬ” አላት።

“ታዲያ ማን ያልያዘው አለ? ሰፈሩን ሙሉ ይዞታል።”

“እሱን ነው የምልሽ” አለና እንደገና አስነጠሰ።

አጠገቡ ተቀመጠች። ባለቤቱን ጨርቅ አምጪ፣ እሱን በአፍንጫህ ተንፍስ፣ እግርህን ሸፍን እያለች ስታዝ ቆየችና፣ ወንድሟ ሳይመልስላት እንቅልፍ እንደወሰደው አየች። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋ ነበር። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበችለት፤ ለራሷም ከጫፉ ትንሽ ወስዳ ጉልበቷን ሸፈነች።